የክብሪት ቀፎ የምታህል ሠራተኛ

ሥራን ከሠራተኛ፣ ሠራተኛንም ከሥራ ነጻ በማውጣት ረገድ በአቃቂ ቃሊቲ ቀዳሚነቱን ይዞ የቆየው መሥሪያ ቤት ስሙ እዚህ አይጠቀስም። የማይጠቀሰው ክፋት ታስቦ አይደለም፤ ሦስት መስመር ስለሚፈጅ ነው። ዓላማው ግን አጭር ነበር፤ በአካባቢው ለሚገኙ መጋዘኖች የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት መስጠት። ይኸው ዓላማ በግቢው በር ላይ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ነገር ደግሞ እንደተፈጸመ ስለሚቆጠር፣ ሠራተኛው ከዚህ ሐሳብ ተገላግሎ ለስብሰባ ይተጋ ነበር።

ወቅቱ የጥልቅ ተሃድሶ ወቅት ነው። ጠዋት የአንድ ለአምስት ውይይት አለ፤ ከሻይ በኋላ የለውጥ ሠራዊቱ ይመክራል፤ ከሰዓት ግምገማ ይደረጋል። በዚህ መሀል የተረፈ ደቂቃ ከተገኘ ለቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ይዘጋጅበታል። ባለጉዳዩም ቢሆን አልተረሳም። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶለት፣ ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ እዚያ ተቀምጦ በጥልቀት ይታደሳል።

በዚህ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን የሺዋስ የሚባል ሰው ነበር። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ካቻቪቴ ከደረት ኪሱ የማይለይ፣ ጠዋት ጠዋት ከሳሪስ በታክሲ የሚመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ይህ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያህል አደገኛ ጠባይ እንደሆነ ገና አልተረዳም።

ነገሩ የጀመረው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደገብርኤል ከአሥራ ሁለት ቀን ሥልጠና አንድ ፍላሽና አንድ ራእይ ይዘው የተመለሱ ዕለት ነው። ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያልተለካ ሥራ አልተሠራም» አሉ። «ሀገር የምታድገው በላብ ነው። ይሁን እንጂ ላብን በዘመናዊ መንገድ መለካት አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ፣ በላብ ምትክ ጣትን አስቀምጠናል። ከዛሬ ጀምሮ ኪቦርድ ስትነኩ፣ ማውስ ስታንቀሳቅሱ ይቆጠራል። ውጤቱን ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ለሕዝብ ያሳያል። የሠራ አረንጓዴ፤ ሦስት ደቂቃ ዝም ያለ ቀይ። ቀይ የበዛበት ማስጠንቀቂያ፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የሞላው ስንብት። ጥያቄ አለ?»

ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄ መጠየቅ የአመለካከት ክፍተት ተብሎ የሚመዘገብበት ጊዜ ነውና። ከኋላ ወንበር ብቻ ዕፀገነት እጇን አወጣች። ዕፀገነት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ባለጉዳይ መስኮቷ ላይ ቆሞ «ፋይሌ ጠፋ» ሲላት ከወንበሯ ተነሥታ የምትፈልግ፣ በዚህም የተነሣ ከባልደረቦቿ ጋር ብዙም የማትግባባ ሴት።

«ባለጉዳይ ሲመጣስ?» አለች። «ፋይል ስፈልግ እጄ መደርደሪያው ላይ እንጂ ኪቦርዱ ላይ አይሆንም።»

አቶ ወልደገብርኤል በጥሞና አዳምጠው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

«ጥሩ ነጥብ ነው» አሉ። «ባለጉዳይ የሥራ ማነቆ እንዳይሆን በቀጣይ እናጠናለን።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

በሳምንቱ ውጤቱ ይፋ ሆነ። አንደኛ የወጣው ሉቃስ የሚባለው የዕቅድ ባለሙያ ነበር። ሉቃስ ሳምንቱን ሙሉ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ ምሳውን እንኳ እዚያው እየጎረሰ፣ በኮምፒውተሩ ካርታ ሲጫወት ነው የከረመው። የልዩ ትጋት ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሲቀበልም «ውጤቱ የግሌ ሳይሆን የቡድናችን ነው» አለ፤ ምንም እንኳ ካርታው ብቻን የሚጫወቱት ዓይነት ቢሆንም።

መጨረሻ የወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የሺዋስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ሲቀጥል ስለሚውል የራሱን ኮምፒውተር የሚነካው የለም። ሌላዋ ዕፀገነት ናት። እሷማ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ቲማቲም ቀልታ ነው የሰነበተችው። የቀረው ሠራተኛ ብልሃት አላጣም። አንዱ የኪቦርዱን አንድ ቁልፍ በወረቀት ወትፎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። አንዷ ማውሷን ከቬንትሌተሩ ጋር በክር አስራ፣ ቬንትሌተሩ በዞረ ቁጥር ስሟ እንደ ሐምሌ ሣር ይለመልማል።

ኮሪደሩ ላይ ከሚታደሱት ባለጉዳዮች አንዷ ሐጀራ ነበረች። ሐጀራ የስልጤ ነጋዴ ናት፤ ከከባድ መኪና ማቆሚያው ጀርባ የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን አላት። መጋዘኑ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ተብሎ ከታሸገ አሥራ አንደኛ ወሩን ይዟል። ተቆጣጣሪዎች ሄደው አይተውታል፤ በሩም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም፣ የእሳት ማጥፊያውም ተሟልቷል ብለው ፈርመዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አቶ ወልደገብርኤል ኮምፒውተራቸው ላይ «አጽድቅ» የሚለውን መጫን። እሳቸው ደግሞ አይጫኑም። የጫነ ይጠየቃል፤ ያልጫነ ተጠይቆ አያውቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል እሳቸው ዘንድ ተሰልፎ መጽደቁን ይጠብቃል። ሃይማኖቱ ሰው ከሞተ በኋላ ይጸድቃል ይላል። እዚህ መሥሪያ ቤት ግን ሞተውም ያልጸደቁ ነበሩ፤ ሁለት አመልካቾች ወረቀታቸውን ሲጠብቁ ዐርፈዋል።

አንድ ማክሰኞ የሺዋስ የመዝገብ ቤቱን ፕሪንተር ፈቶ ሲጠግን ሐጀራ መስኮቱ ጋ መጣች።

«እህቴ፣ ዝናቡ አንዱን ቆርቆሮ ገልጦታል አሉኝ» አለች። «ገብቼ እንዳላስመታው እሽጉ አለ። ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ ማን ይገዛኛል? እስቲ ፋይሌ የት እንደደረሰ እዪልኝ።»

ዕፀገነት ተነሥታ መደርደሪያው ውስጥ ገባች። ሦስት ደቂቃ ሞላና ኮሪደሩ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስሟን አቀላው። ሐጀራ ቀና ብላ አየችው፤ አሥራ አንድ ወር እዚያ የተቀመጠ ሰው የቤቱን ሕግ ከሠራተኛው በላይ ያውቃል።

«ተቀመጪ በቃ» አለቻት። «በእኔ ሰበብ እንጀራሽ አይቆረጥ። እኔ እንደሆነ መጠበቁን ለምጄዋለሁ።»

ዕፀገነት አልተቀመጠችም። ፋይሉን አግኝታ አገላበጠችና «የቀረው የአለቃ መጫን ብቻ ነው» አለቻት። ሐጀራ ስትሄድ ወደ የሺዋስ ዞራ ከመሳቢያዋ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አወጣች።

«ሁለተኛው ትናንት ደረሰኝ» አለችው። «ሦስተኛው ሲመጣ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጆቼን ማየት ነው። ግን ሰው ከፊቴ ቆሞ እያለቀሰ እንዴት ብዬ ዝም ብዬ ማውስ እጎትታለሁ?»

የሺዋስ ፕሪንተሩን ገጠመ። እጁን በልቶታል።

ቤቱ አንዲት ትንሽ ቦርድ ነበረችው፤ የውሃ ታንከሩ ሲሞላ ሞተሩን እንድታጠፋለት ብሎ ያመጣት። ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች። ስሟ ይርዘም እንጂ ራሷ የክብሪት ቀፎ ብታህል ነው። የነገሯትን ትሠራለች፣ ያልነገሯትን አትሠራም፣ ስብሰባ አትጠራም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ አዲስ ትእዛዝ ጻፈላት፤ ማውሱን ትንሽ ግፊ፣ አንድ ፊደል ምቺ፣ ጥቂት ዕረፊ፣ ደግሞ ግፊ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር የዋህ ፍጥረት ነው። አንድ ነገር ሲሰኩበት «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ኪቦርድ ነኝ፤ ማውስም ነኝ» ካሉት አምኖ ይቀበላል። የቀበሌ መታወቂያ አይል፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይል፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አይል። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሰው ቃል ብቻውን በቂ የነበረበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦርዷ የምታደርገውን ሁሉ የሰው ጣት ያደረገው ነው ብሎ ይቆጥራል።

ሰኞ ጠዋት ቦርዷን አምጥቶ ከዕፀገነት ኮምፒውተር ጀርባ ሰካት።

«ምንድን ናት?» አለችው።

«ምክትልሽ ናት።»

«ምን ትሠራልኛለች?»

«ምንም። አንቺ ትሠሪያለሽ፤ እሷ ‹ሠራሁ› ትልልሻለች። ስትነሺ ሰኪያት፤ ስትቀመጪ ንቀያት።»

በዚያ ሳምንት ዕፀገነት ጠፉ የተባሉ አርባ አንድ ፋይሎች አገኘች። ስሟም አረንጓዴ ሆኖ ዋለ። ሁለቱ ነገሮች ፈጽሞ እንደማይገናኙ ከየሺዋስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱም በታክሲ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብቻውን ፈገግ ይል ጀመር።

ደስታው አሥር ቀን አልሞላም። ሉቃስ አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ መዝገብ ቤት ሲገባ፣ ዕፀገነት መሰላል ላይ ቆማለች፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በትጋት እየጻፈች ነው ይላል። አንዴ መሰላሉን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አየ። ካርታ የሚጫወት ሰው ማታለልን በጠረኗ ያውቃታል። ቀጥ ብሎ ወደ ጥገና ክፍል ሄደ።

«ወንድሜ የሺዋስ» አለ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ። «ለሀገር የሚበጅ ቴክኖሎጂ በአንድ መዝገብ ቤት ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም።»

«የቱ ቴክኖሎጂ?»

«እኔ ሰው አልከስም። አለቃ ጋ ገብቼ ዕፀገነት እንዲህ ሆነች ማለት ደግሞ ከባህሌ ውጪ ነው። ለእኔም አንድ ካለችህ ባህሌን እንደጠበቅሁ እኖራለሁ።»

የሺዋስ ዕፀገነትን አሰበና ሠራለት። ለሉቃስ የሠራ ለሉቃስ ጓደኛ እምቢ ማለት አይችልም። ለጓደኛው ከሠራ ወንበር የምትጋራው ትቀየማለች። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሦስት ኮምፒውተር ሃያ ሦስት ምክትል አገኘ።

ችግሩ ሌላ ላይ ነው። የሺዋስ ቦርዷን የሠራው ዕፀገነት ተነሥታ እንድትሠራ ነበር። የቀሩት ተነሥተው ሄዱ። አንዱ ሳሪስ የጀመረውን ቤት ያስገነባል፤ አንዷ የአክስቷን ሱቅ ትጠብቃለች፤ ሉቃስ ካርታውን በእውነተኛ ሰው ለመጫወት ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ካፌ ገባ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሺዋስ በክፍሎቹ ሲያልፍ ወንበሩ ባዶ ነው፤ በየስክሪኑ ላይ ግን ቀስቷ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በባዶ ገጽ ላይ ፊደል ይዘንባል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ቴሌቪዥን እንደ ነሐሴ ማሳ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ አግዳሚው ላይ ባለጉዳዮቹ ተቀምጠው ስለዚህ ታታሪ ሠራተኛ እየተደነቁ ማንንም አያገኙም።

የሺዋስ መዝገብ ቤት ገባ። ዕፀገነትን «ልንቀላቸው ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«ስትነቅልባቸው መጀመሪያ የሚጠቁሙት እኔን ነው» አለችው። እውነቷን ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ከክፍለ ከተማው ሁሉ አንደኛ ወጣ። አንደኛ የወጣ ነገር ደግሞ ሳይሻሻል አይታለፍምና ከበላይ አካል አዲስ መመሪያ መጣ። መመሪያው «እንቅስቃሴ ብቻውን ውጤት አይደለም» ይላል። ከእንግዲህ ማውስ ማንቀሳቀስ ሠላሳ ነጥብ፣ መጫን ሰባ ነጥብ ነው። ምን እንደሚጫን መመሪያው አይናገርም፤ ዝርዝሩ ወደፊት ይወጣል ተብሏል። የሺዋስም በሃያ ሦስቱ ቦርዶች ላይ ሁለት ነገር ጨመረ፤ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የምታዘልለውን ቁልፍና «እሺ» ብሎ የሚያስፈጽመውን ኢንተር። በሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች የሚጫነው ነገር ባዶ ገጽ ላይ ስለነበር ማንንም አልጎዳ፣ ማንንም አልጠቀመ።

በዚህ መሀል አቶ ወልደገብርኤል የሺዋስን ወደ ቢሯቸው አስጠሩት።

«ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ አለ። «ሰዎች ስለ አንድ ነገር ያወራሉ።»

«ምን ጌታዬ?»

«እኔ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። ብቻ የኔን ስም ቴሌቪዥኑ ላይ አይተኸዋል?»

አይቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ስለሚውሉ ከመሥሪያ ቤቱ ቀይ የሆኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ኃላፊ ቀይ ሆኖ ሠራተኛ አረንጓዴ ሲሆን ከአመራር ጥበብ አንጻር ደስ አይልም» አሉ አቶ ወልደገብርኤል፣ ወደ መስኮቱ እየተመለከቱ። «አሁን እጄን ልታጠብ እወጣለሁ። ስመለስ ስለማላውቀው ነገር ምንም እንዳትነግረኝ።»

የሺዋስ ጠረጴዛቸው ሥር ገብቶ ሃያ አራተኛዋን ቦርድ ሰካ። ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁት ፋይሎች መስኮት ክፍት ነው። ኃላፊው እጃቸውን እያደረቁ ተመለሱ።

«ይሄን መስኮት ልዝጋው ጌታዬ?»

«አትንካው። ክፍት ሆኖ ሲታይ ነገሩ በእጅ የተያዘ ይመስላል።»

በማግስቱ አዳማ ለአምስት ቀን ኮንፈረንስ ሄዱ። ርዕሱ «ፈጣን አገልግሎት» ነበር።

አሁን የሆነውን ለመረዳት መስኮቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ፋይል ይመጣል፤ ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፤ «አጽድቅ» እና «አቆይ»። «አቆይ» የተባለ ፋይል ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄድና ዞሮ ይመጣል። አቶ ወልደገብርኤል በሥልጣን ዘመናቸው ከ«አቆይ» ሌላ የነኩት በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው። ቦርዷ ግን ለአመራርነት አልሠለጠነችም። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየዘለለች «እሺ» ትላለች። ግማሹን ታቆያለች፣ ግማሹን ታጸድቃለች፤ የቆየው ዞሮ ይመጣል፣ ከእሱም ግማሹን ታጸድቃለች። የጸደቀ ፋይል በዚያው ቅጽበት መዝገብ ቤት ያለው ፕሪንተር ላይ የኃላፊው ፊርማ አርፎበት ይወጣል።

ዕፀገነት የመጀመሪያዋ ወረቀት ስትወጣ ፕሪንተሩ ተበላሸ ብላ አሰበች። ሁለተኛዋ ወጣች። በአሥረኛዋ ማኅተሟን አውጥታ እፍ አለችበትና መታ መታ አድርጋ ስም መጥራት ጀመረች።

ሐጀራ የተጠራችው ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስሟን ስትሰማ አልተነሣችም፤ ሌላ ሐጀራ ያለች መስሏት ግራ ቀኙን አየች። ወረቀቱን ሲሰጧት ማኅተሙን በጣቷ ነካካችው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሂጂና ጣሪያሽን አስመቺ» አለቻት ዕፀገነት።

ሐጀራ ወረቀቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው። እንባዋ መጣ። «ይሄን የጫነው ሰው ጣቱ አይዛል። አላህ ከክፉ ይሰውረው» አለች።

የሺዋስ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ምርቃቱ ማንን ፈልጎ እንደሚሄድ ሲያስብ፣ አቶ ወልደገብርኤል አዳማ መሆናቸው ትዝ አለው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጥቶ ቢሯቸውን ከፈተ። ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ፋይል መጣ፣ ሄደ። ሌላ መጣ፣ ሄደ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ቦርዷን በሁለት ጣቱ ያዛት። ሳይነቅላት ወደ ዕፀገነት ስልክ ደወለ።

«አለቃ መስኮት ላይ ያሉት ፋይሎች ምን ዓይነት ናቸው?»

«ተቆጣጣሪ ሄዶ ያያቸው፣ ሁሉ ነገር የተሟላላቸው። ያልተሟላለት ከኔ አያልፍም፤ ምን ሆነሃል?»

«መጫን ብቻ ነው የቀራቸው?»

«መጫን ብቻ።»

የሺዋስ ጣቶቹን አላቀቀ። የእሱ ሥራ ጥገና ነው፤ የሚሠራ ነገር አይነካም። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ወረደ።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ አለቁ። የሁለቱን ሟቾች ወረቀት ልጆቻቸው መጥተው ወሰዱ።

ሰኞ አቶ ወልደገብርኤል ከአዳማ ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። አግዳሚው ባዶ ነው። በሥልጣን ዘመናቸው እንዲህ ያለ አስፈሪ ነገር አይተው አያውቁም።

«ባለጉዳዮቹ ምን ሆኑ?» ብለው ዕፀገነትን ጠየቋት።

«ጉዳያቸው አለቀ።»

«አለቀ ስትዪ?»

«ጸደቀላቸው። እርስዎ እኮ ነዎት ያጸደቁት።»

አቶ ወልደገብርኤል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ወሬው ወደ በላይ አካል ለመድረስ ሁለት ቀን በቃው። ሐሙስ ወይዘሮ ዙፋን የሚመሩት የግምገማ ቡድን መጣ። ወይዘሮ ዙፋን ሁለት ነገር ይዘዋል፤ በአንድ እጃቸው መሥሪያ ቤቱ በአረንጓዴነት ያሸነፈበትን ዋንጫ፣ በሌላው የክስ ማኅደር። ሠራተኛው ሁሉ ከየካፌውና ከየሱቁ ተለቅሞ አዳራሽ ገባ።

«የዚህ መሥሪያ ቤት አማካይ አፈጻጸም በዓመት ዘጠኝ ማረጋገጫ ነው» አሉ ወይዘሮ ዙፋን። «ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተሰጥቷል። ሕዝቡ ደስ ብሎታል የሚል መረጃ ደርሶናል። ከጀርባው ማን አለ?»

አቶ ወልደገብርኤል ተነሡ። አጸደቅሁ ቢሉ ሊጠየቁ ነው፤ አላጸደቅሁም ቢሉ በስማቸው ማን እንደጫነ ሊናገሩ ነው።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔ በወቅቱ ስለ ፈጣን አገልግሎት እየተወያየሁ ነበር» አሉና ወደ ዕፀገነት ዞሩ። «ማኅተሙ ያለው መዝገብ ቤት ነው።»

ዕፀገነት ፊቷ አመድ መሰለ። የዚያን ጊዜ የሺዋስ ተነሣ። ያን ጠዋት ከአለቃ ጠረጴዛ ሥር የነቀላትን ቦርድ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እሷ ናት የጫነችው» አለ። «የሰካኋት እኔ ነኝ። ዕፀገነት ከአለቃ የመጣውን ነው ያተመችው።»

ወይዘሮ ዙፋን መነጽራቸውን አደረጉ።

«አባል ናት?»

«አይደለችም።»

«ገብቶኛል» አሉና ጻፉ። «ፋይሎቹን መርምራ ነው ያጸደቀችው?»

«አታይም። ዐይን የላትም።»

«ሳታይ ታጸድቃለች ማለት ነው?»

«አዎ።»

ከኋላ የዕፀገነት ድምፅ መጣ። «እኛ እያየን ዘጠኝ፤ እሷ ሳታይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

የሺዋስ አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም።

«ሌላም አለ ክብርት ሰብሳቢ። በየኮምፒውተሩ ጀርባ እንደሷ ያለ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ሰው አይደለም። ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። ሃያ አራት ናቸው፤ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሉቃስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የሺዋስ ጣሪያው እስኪወርድበት ጠበቀ።

«እሱን አልጠየቅንህም» አሉ ወይዘሮ ዙፋን።

«እንዴት?»

«አረንጓዴው ወደ ላይ ሪፖርት ተደርጓል። ወደ ላይ የወጣ ሪፖርት ወደ ታች ሲወርድ አይተህ ታውቃለህ? ዋንጫውም ተቀርጿል። የተነሣው ጉዳይ ማንቀሳቀሱ አይደለም፤ መጫኑ ነው። የተንቀሳቀሰ የጎዳው የለም።»

ቡድኑ ለሁለት ሰዓት መከረና ውሳኔውን በንባብ አሰማ። ዕፀገነት አንድ ሰው ከሚችለው ፍጥነት በላይ በማተሟ ምክር ተሰጣት። የተሰጡት ማረጋገጫዎች በኃላፊው በኩል አንድ በአንድ እንዲሰረዙ ታዘዘ። ቦርዷ ምርጥ ተሞክሮ ሆና ተመረጠች፤ ለክፍለ ከተማው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንድትዳረስ፣ ነገር ግን የመጫን ጠባይዋ እንዲታረም ተወሰነ። ለየሺዋስም፣ ስሕተቱን በድፍረት በማመኑና ለአረንጓዴው ላበረከተው አስተዋጽኦ፣ የደረጃ ዕድገት ተፈቀደለት። አቶ ወልደገብርኤል ዋንጫውን ተቀበሉ።

«በአጭሩ» አሉት ወይዘሮ ዙፋን ሲወጡ፣ «ትንቀሳቀስ፤ አትጫን።»

ማስተካከሉ የአራት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሁለት መስመር መደምሰስ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የሺዋስም በሃያ አራቱ ላይ ደመሰሰ። ስረዛው ግን እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ለመሰረዝ «ሰርዝ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል፤ የጫነ ደግሞ ይጠየቃል። ሐጀራ ቆርቆሮዋን አስመትታ ፍራሿን እየሸጠች ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የሺዋስ የአቶ ወልደገብርኤልን ፕሪንተር ሊያይ ቢሯቸው ገባ። ኃላፊው እግራቸውን አንፈራጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ስክሪኑ ላይ ያ መስኮት እንደተከፈተ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ፋይል የእሱ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ነበር። ነጭ ቀስቷ ከጥግ ተነሣች፣ ወርዳ «አጽድቅ» ላይ ደረሰች፣ ጥቂት ዐረፈች፣ ከዚያ ወደ ግራ ሄደች።

«አየህ?» አሉት አቶ ወልደገብርኤል ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ። «ያንተ ጉዳይ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።»

የሺዋስ ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀስቷን በዐይኑ ተከተላት። ተመልሳ መጣች፤ ደግሞ ዐረፈች፤ ደግሞ ሄደች። በጥገና ሕይወቱ ብዙ ነገር አስተካክሏል፤ እንዲህ እንከን የማይወጣለት ሥራ ግን ሠርቶ አያውቅም።